ክሪስቶፈር ስትሬቺና የኮምፒዩተር ጊዜ

ዛሬ በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው፥ በአንድ ኮምፒዩተር በአንድ ሰዓት ይሠራሉ። አንዱ ሠራተኛ ብቻውን እንኳ በጠረጴዛው ማሽንና በእጅ ስልኩ፥ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ገብቶ ይገኛል። ለዚህ አሠራር መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ስትሬቺ ነው።

ስትሬቺ በ1916 በሎንዶን ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የምስጢር ጽሑፍ ፈቺ፥ እናቱ ለሴቶች የምርጫ መብት ተሟጋች፥ አጎቱ ሊተን ስትሬቺም ስመ ጥር ደራሲ ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣው ልጅ ግን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አልቀናውም። መንፈሱ ታውኮ ትምህርቱን አቋረጠ፤ ተመልሶም በመጠነኛ ውጤት ጨረሰ። ከጦርነቱ በኋላ የትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ሰውን በማርክ ብቻ የሚመዝን ሹም ይህን ልብ ይበል።

መምህር ሳለ በ1951 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ ሌሊቱን እንዲሠራ ተፈቀደለት። በጻፈው ፕሮግራም ማሽኑ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር አሰማ። ስሙም ታወቀ፤ በ1952 ማስተማሩን ትቶ በብሔራዊ የምርምር ልማት ኮርፖሬሽን ተቀጠረ።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ነበር። ባለጉዳዩ ሥራውን በካርድ ላይ አስበስቶ ያስረክባል፤ ውጤቱ ሲመጣ አንዲት ምልክት ተሳስታ ከተገኘች እንደገና ወረፋ መያዝ ግድ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ በማሽኑ ፊት ተቀምጦ ያርም ቢባል ደግሞ፥ እርሱ እስኪያስብ ድረስ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ይቆያል። ስትሬቺ የተመለከተው ይህን ክፍተት ነው። ሰው አንድ ነገር በሚያስብበት ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ እልፍ ስሌት ይሠራል። እንግዲህ ማሽኑ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በፍጥነት እየተዘዋወረ ቢያገለግል፥ አራሚው አይቸኩልም፥ ማሽኑም አያርፍም። ይህን አሳብ በ1959 ዩኔስኮ በፓሪስ በጠራው ጉባኤ ላይ አቀረበ።

እውነቱን ለመናገር፥ እርሱ ያሰበው አንድ አራሚ ከሌሎች ሥራዎች ጎን እንዲሠራ ነበር እንጂ፥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲገባ አልነበረም። ያንን የገፉት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ጆን ማካርቲና ፈርናንዶ ኮርባቶ ናቸው። የኮርባቶ ቡድን በ1961 ብዙ ሰው በየጽሕፈት መኪናው የሚሠራበትን ሥርዓት አሳየ፤ የአንዱ መዝገብ ለሌላው እንዳይገለጥም የይለፍ ቃል ተጨመረ።

ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። ዛሬ ድርጅቱ፥ አንድ ስም በአንድ ጊዜ ስንት ቦታ ይግባ ብሎ መወሰን አለበት። ሁለት መግቢያ ለትጉህ ጸሐፊ ይጠቅመዋል፤ የአንዱን ደንበኛ ሒሳብ ከፍቶ ሳለ ሌላው ቢደውልለት፥ የጀመረውን ሳይዘጋ ያስተናግዳል። ስሙን ለባልደረባው ያዋሰ እንደ ሆነ ግን፥ ገንዘብ በጎደለ ቀን የትኛው ሰው እንደ ሠራ መዝገቡ አይለይም።

ስትሬቺ በዚህ ጉዳይ ብዙ አልቆየም። በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፕሮግራም ምርምር ክፍል አቋቁሞ፥ ከዴና ስኮት ጋር የፕሮግራም ቋንቋዎችን ትርጉም በሒሳብ ለማስረዳት ደከመ። በ1971 ፕሮፌሰር ተባለ። በ1975 በጉበት በሽታ ሲሞት ዕድሜው 58 ዓመት ነበር።