በሞተር ሳይክል ሞተር የተከፈተ በር

ጫግኒ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን ልሥራ ብሎ የተነሳ ልጅ ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት አያገኝም። ባልሳ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው፤ በብዛት የሚመጣውም ከኢኳዶር ነው። ስለዚህ ልጁ እጁ ላይ ያለውን ያነሳል፦ የደረቀ የበቆሎ አገዳ፣ ካርቶን፣ ኮላ፣ ከተበላሸ መጫወቻ የወጣች ሞተር። መንገደኛው አይቶት ያልፋል። ሥራ ፈት ብሎት የሚያልፍም አይጠፋም።

ዛሬ የማወራችሁ በእጁ የገጣጠማት ትንሽ አውሮፕላን የተዘጋበትን በር ስለከፈተችለት ሰው ነው። ስሙ ጆን ሮቢንሰን ይባላል። ብራውን ኮንዶር እያሉም ይጠሩታል።

ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1903 ፍሎሪዳ ውስጥ ካራቤል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና ሕፃን እያለ ስለሞተ እናቱ ይዛው ወደ ገልፍፖርት፣ ሚሲሲፒ ሄደች። ልጅ ሆኖ እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን አየ፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ ሰማይ ሰማይ ይል ጀመር። ችግሩ ግን ጥቁር ልጅ ነው፤ ያደገበት አገር ደግሞ ጥቁርና ነጭ በአንድ ወንበር የማይቀመጡበት ነበር። ቱስኬጊ ገብቶ የመኪና ጥገና ተማረ፤ በኋላም ሺካጎ ወርዶ በመካኒክነት ይሠራ ጀመር።

ሺካጎ ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል የአቪየሽን ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን አመለከተ፤ በቀለሙ ምክንያት አልተቀበሉትም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እሱ ግን እዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ወለል እየጠረገ ጆሮውን ወደ መምህሩ ይጥላል፤ ሰሌዳ ላይ የቀረውን ያነባል።

ከዚያ ከጓደኛው ከመካኒኩ ኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ጥቁር ወጣቶች ጋር ሆኖ ሂዝ ፓራሶል የምትባል ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን መገጣጠም ጀመረ። ይቺ አውሮፕላን ተቆራርጣ የምትሸጥ ነበረች፤ ገዢው ራሱ ይገጣጥማታል። የክንፏ የጎድን አጥንት እንጨት ነው፣ ላዩ ጨርቅ ይለብሳል፣ ሞተሯም የሞተር ሳይክል ሞተር ነው።

ሞዴል አውሮፕላን ሠርቶ የሚያውቅ ሰው አሠራሩ አይገርመውም። በባልሳ ሆነ በአገዳ፣ መጀመሪያ አጽሙን ትሠራለህ፣ ከዚያ ታለብሰዋለህ፣ በመጨረሻ ሚዛኑን ታያለህ። ክብደቱ ወደ ጭራው ካመዘነ አፍንጫው ቀና ይልና ፍጥነት አጥቶ ይወድቃል። ልዩነቱ፣ በሞዴል ስትሳሳት የምታባክነው ኮላ ነው፤ በሮቢንሰን አውሮፕላን ውስጥ ግን ሰው ይቀመጣል።

አውሮፕላኗ በረረች። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት እንደሚተርኩት ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ሥራውን በዓይኑ ካየ በኋላ ቆመለት። ነጩ አሠሪያቸውም ትምህርት ቤቱን እከሳለሁ ብሎ ተነሳ። በሩ ተከፈተ። ሮቢንሰንና ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ፤ ያው አልቀበልም ያለ ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪዎች ክፍል ከፍቶ እነሱኑ አስተማሪ አደረጋቸው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር አንድ ሐሳብ አለ፦ ቀጣሪ ችሎታህን በዓይኑ ማየት ስለማይችል ምልክት ይፈልጋል። ዲግሪ አንዱ ምልክት ነው። ታዲያ ዲግሪውን የሚሰጠው በር ራሱ ሲዘጋብህስ? ሮቢንሰን ማንም ሊክደው የማይችል ምልክት በእጁ ሠራ።

ወደኛ አገር የመጣው በግንቦት 1927 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ልትወረን እየተዘጋጀች ባለችበት ሰዓት፣ አሜሪካ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን ናቸው ያገናኙት። አዛዥ የተባለበት አየር ኃይል በጣት የሚቆጠሩ ለበረራ ብቁ አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩት። መስከረም 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባና በጦር ግንባር መካከል መልእክት እያመላለሰ ከጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች ጋር ድብብቆሽ ሲጫወት ከረመ።

በዚያው ዘመን አቃቂ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን እዚሁ አገር ውስጥ ሠርቷል። ጣሊያን የወሰዳት ፀሐይ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች።

ሮቢንሰን አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል ወጣ። ግን አልረሳንም። በ1936 ዓ.ም. ባለሙያዎች አስከትሎ ተመለሰና የኢትዮጵያ ወጣቶችን በረራ ያስተምር ገባ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታማሚ ደም ለማድረስ ሲበር አውሮፕላኑ ተከሰከሰ፤ ከቀናት በኋላም ሕይወቱ አለፈ። የተቀበረው እዚሁ፣ ጉለሌ ነው።

የሱን ታሪክ የምናነበው ብዙ ጊዜ የጽናት ታሪክ አድርገን ነው። እውነት ነው፣ ጽናት አለበት። ግን ያን መምህር አትርሱት። አይቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ ቆሞ አየ። እኛ ዘንድ በእጁ የሚሠራ ልጅ ጠፍቶ አያውቅም፤ ያነሰን ቆሞ የሚያይ ነው። ቀጣዩን የአገዳ አውሮፕላን ስታዩ፣ ፎቶ አንስታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ሚዛኑን እንዴት እንዳገኘው ጠይቁት።