ከጥጥ ማሳ እስከ ምርጫ ሳጥን፦ የፋኒ ሉ ሄመር የሕይወት ጉዞ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 31 ቀን 1962 በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት 18 ጥቁር አሜሪካውያን በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ተሳፍረው ከሩልቪል ወደ ኢንዲያኖላ ከተማ አቀኑ። የጉዟቸው ዓላማ በመራጭነት መመዝገብ ነበር። ከተጓዦቹ መካከል ዕድሜያቸውን በጥጥ ማሳ ላይ ያሳለፉት የ44 ዓመቷ ፋኒ ሉ ሄመር ይገኙበታል።

ወይዘሮ ፋኒ በ1917 ከእኩል አራሽ ቤተሰብ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሃያኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በስድስት ዓመታቸው ጥጥ መልቀም ጀመሩ፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱት የማሳው ሥራ ፋታ ሲሰጥ ብቻ ስለነበር ብዙም ሳይገፉ አቋረጡ። ማንበብና መጻፍ በመቻላቸው ግን ኋላ ላይ ባለመሬቱ የሠራተኞችን የሥራ ሰዓት እንዲመዘግቡ አደረጋቸው። አራሹ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ፣ ምርቱን አካፍሎና ዕዳውን ከፍሎ እጁ ላይ የሚቀረው ኢምንት እንደነበር በዓይናቸው አይተዋል። ይህ ኑሮ እንዲለወጥ ይመኙ ነበር፤ የሚለወጥበትን መንገድ ግን አያውቁም ነበር።

መንገዱን ያመላከታቸው በ1962 ክረምት በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተካሄደ ስብሰባ ነው። ጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዳላቸው የተረዱት በዚያ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በ1870 ያረጋገጠውን ይህን መብት ሚሲሲፒ በፈተናና በምርጫ ግብር አጥራ ይዛው ነበር። ወይዘሮ ፋኒ ኢንዲያኖላ ሲደርሱ ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንድ አስቸጋሪ አንቀጽ እንዲያብራሩ ተጠይቀው ወደቁ። በመልስ ጉዞም ፖሊስ የአውቶቡሱን ቀለም ሰበብ አድርጎ ሾፌሩን ቀጣ። ማምሻውን ባለመሬቱ ምዝገባውን እንዲተዉ ወይም እርሻውን እንዲለቁ አዘዛቸው። እርሳቸውም 18 ዓመት የሠሩበትን እርሻ በዚያው ሌሊት ለቀው ወጡ።

ከቀናት በኋላ በተጠለሉበት ቤት ላይ ጥይት ተተኮሰ። እርሳቸው ግን ተመልሰው ተፈተኑ፤ በ1963 መጀመሪያ ማለፋቸው ተረጋገጠ። ድምፅ ለመስጠት ሲሄዱ ደግሞ የሁለት ዓመት የምርጫ ግብር ደረሰኝ የለዎትም ተብለው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ከሥልጠና ሲመለሱ ዊኖና ከተማ ውስጥ ታስረው ክፉኛ ተደበደቡ፤ የኩላሊታቸው ጉዳት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸው እንዲመዘገቡ ማስተማሩን ቀጠሉ። በ1964 ጥቁሮችን ያገለለውን የግዛቲቱን ዴሞክራቲክ ፓርቲ የሚገዳደር የነጻነት ፓርቲ ከጓዶቻቸው ጋር መሠረቱ። በአትላንቲክ ሲቲው የፓርቲው ጉባኤ የሰጡትን ምስክርነት ሕዝቡ በቴሌቪዥን ተመለከተ። ለቡድናቸው ሁለት መቀመጫ ብቻ ሲቀርብላቸውም አልተቀበሉም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ የፈተናውን አጥር አፈረሰ። በ1968ቱ ጉባኤ ወይዘሮ ፋኒ የሚሲሲፒ ልዑክ ሆነው ተቀመጡ።

ሕጉ ቢወጣም ወይዘሮ ፋኒ ሌላ አጥር መኖሩን ከራሳቸው ሕይወት ያውቁ ነበር። እንጀራው በባለመሬቱ እጅ ያለ አራሽ ካርዱን ሲያወጣ ሥራውንም ቤቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በ1969 የነጻነት እርሻ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በ40 ኤከር መሬት ተነሥቶ እየሰፋ ሄደ፤ አትክልት አምርቶ ለድሆች አከፋፈለ። አሳማ የተሰጠው ቤተሰብም ከግልገሎቹ ለሌሎች ቤተሰቦች እንዲደርስ ይመልስ ነበር። ይሁን እንጂ በገንዘብ እጥረትና በአየር ጠባይ ጉዳት ሳቢያ እርሻው ከዓመታት በኋላ ተዘጋ። እርሳቸውም ለምርጫ ተወዳድረው አላሸነፉም።

ወይዘሮ ፋኒ ማርች 14 ቀን 1977 በ59 ዓመታቸው አረፉ። የልብ ምኞት ብቻውን ዳኛም ሹምም እንደማይቀይር፣ መመዝገብ፣ መደራጀትና በራስ እንጀራ መቆም እንደሚያስፈልግ ሕይወታቸው መስክሯል። በዚያች አሮጌ አውቶቡስ የተጀመረው ጉዞ ከእርሳቸው በኋላ ሚሊዮኖችን ወደ ምርጫ ሳጥን አድርሷል።