አንድ ዓይናቸውን አጥተው ለብዙዎች ብርሃን የሆኑ ወይዘሮ

በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዊልመር የዓይን ተቋም የሚባል ስመ ጥር ቤት አለ። ስሙን ያገኘው ከሐኪሙ ከዶክተር ዊልያም ዊልመር ነው። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ደጅ የጠኑት ግን አንዲት ሴት እንደ ነበሩ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ የእኒህን ሴት ታሪክ በአጭሩ ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ አይዳ ዴ አኮስታ በ1884 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1903 ዓ.ም. ገና 20 ዓመት ሳይሞላቸው ፓሪስ ውስጥ ከብራዚላዊው ሳንቶስ ዱሞን ጋር ተዋወቁ። ይህ ሰው በጋዝ የተነፋና በሞተር የሚነዳ የአየር መርከብ ሠርቶ በከተማው ላይ ሲበር ሕዝቡ ሁሉ ይደነቅ ነበር። አይዳ ሦስት ጊዜ ብቻ ከተማሩ በኋላ ብቻቸውን ተሳፍረው በረሩ፤ መምህራቸውም ከታች በብስክሌት እየተከተለ በምልክት ይመራቸው ነበር። ይህም የሆነው የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን ከመነሣቱ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ወላጆቻቸው ግን የልጃቸው ስም በጋዜጣ እንዳይወጣ ፈርተው ነገሩን አፈኑት፤ ወሬውም ወደ 30 ዓመት ያህል ተደብቆ ኖረ።

በ1922 ዓ.ም. ግላኮማ በተባለው በሽታ የአንድ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። ይህ በሽታ በዓይን ውስጥ ባለው ፈሳሽ ግፊት ነርቩን ቀስ በቀስ የሚገድል ነው። የጠፋውን ብርሃን የሚመልስ ሐኪም የለም፤ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል። ሁለተኛውን ዓይናቸውን በዋሽንግተን ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዊልመር በቀዶ ሕክምና በከፊል አተረፉላቸው።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ሀብታም አገር ሆና ሳለ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱና ምርምሩ በአንድ ጣራ ሥር የሚገኝበት የዓይን ተቋም በዩኒቨርሲቲዎቿ አልነበራትም። ጠልቆ ለመማር የሚሻ ሁሉ ወደ ቪየናና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ይሄድ ነበር። ዊልመርም ዕድሜያቸው ወደ 60 ደርሶ ነበር። ወይዘሮ አይዳ እኔ ድኛለሁ ብለው አልተቀመጡም፤ የሐኪሙ ዕውቀት ከእርሳቸው ጋር እንዳይቀበር አሰቡ። በዊልመር እጅ የዳኑትን ባለጸጎች እየዞሩ ለመኑ፤ በሮክፌለር ገንዘብ የቆመው የትምህርት ቦርድም ደገፋቸው። በዚህ ሁኔታ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰበሰበ። ተቋሙ በ1925 ተመሠረተ፤ ሕንፃው በ1929 ተመረቀ፤ ዊልመርም እስከ 1934 መሩት።

ወይዘሮ አይዳ በዚህ አልረኩም። በ1945 በኒው ዮርክ ገና አዲስ የነበረውን የዓይን ባንክ ለመምራት ተነሥተው አሥር ዓመት ያህል አገለገሉ። ይህ ባንክ ሰዎች ከሞቱ በኋላ እንዲወሰድ ከፈቀዱት ዓይን ኮርኒያ የተባለውን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ወስዶ፣ የእነርሱ ለደፈረሰባቸው ሕሙማን እንዲተካ ያደርጋል። ግላኮማ በዚህ አይድንም፤ ስለዚህ የደከሙለት ሥራ ለራሳቸው ዓይን የሚጠቅም አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንድ ሐኪም ምንም ጎበዝ ቢሆን በዕድሜው የሚያክመው ሰው ቍጥር የተወሰነ ነው፤ ያስተማራቸው ግን እርሱ ካለፈም በኋላ ያክማሉ። ወይዘሮ አይዳ የተረዱት ይህንን ነው። ውለታቸውንም ለሐኪሙ በስጦታ ከፍለው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የምንማር እኛስ የተደረገልንን ለማን እንመልስ? እያንዳንዳችን ከመመረቃችን በፊት ልናስብበት ይገባል።