ለተመላሽ ወታደሮች ማኅበር ያቋቋሙት ስደተኛ ሐኪም

ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሞት አስከሬኑ ለቤተሰቡ እስኪደርስ ስንት ደጅ እንደሚጠና የዚህ ገጽ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ። ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ስማቸው የገነነው በእንዲህ ያለ አስከሬን ምክንያት ነው። ዶክተር ሄክተር ጋርሲያ ይባላሉ። በትውልዳቸው ሜክሲኳዊ፣ በሙያቸው ሐኪም፣ በኑሯቸው አሜሪካዊ ነበሩ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሄክተር የተወለዱት በጥር 1914 በሜክሲኮ ታማውሊፓስ ግዛት ነው። አባታቸውም እናታቸውም መምህራን ነበሩ። በአገሩ አብዮት ተነስቶ ጦርነቱ ሲበረታ ቤተሰቡ በ1917 ድንበር ተሻግሮ ሜርሴዲስ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ገባ። እዚያ የአባትየው የመምህርነት ወረቀት ዋጋ አጣ። ማስረጃ በሻንጣ ይዞ ተሰድዶ ሌላ ሥራ መያዝ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። አባትየው ወደ ሱቅ ንግድ ገቡ፤ መምህርነታቸውን ግን በገዛ ልጆቻቸው ላይ ቀጠሉ። ከሰባቱ ልጆች ስድስቱ ሐኪሞች ሆኑ። ከእነርሱ አንዷ ዶክተር ክሊዮ ጋርሲያ ነበረች።

በዚያ ዘመን በቴክሳስ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ልጆች በብዙ ከተሞች ከነጮቹ ተለይተው ነበር የሚማሩት። ሄክተር ይህን አልፈው በ1936 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1940 ደግሞ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ዲግሪውን የሰጠቻቸው ቴክሳስ ግን በሆስፒታል ልምምድ የምታሠራቸው ሆና አልተገኘችም። ለዚያ ነብራስካ ግዛት ድረስ መሄድ ነበረባቸው።

በ1942 በፈቃዳቸው ወደ ጦር ሠራዊቱ ገቡ። ሐኪም ሆነው ሳለ በመጀመሪያ የተመደቡት በእግረኛ ጦር ነው። ቀጥሎ ወደ መሐንዲስ ክፍል፣ በመጨረሻም ወደ ሕክምናው ተዛወሩ። በሰሜን አፍሪካና በጣሊያን ዘመቱ፤ የነሐስ ኮከብ ሜዳይ ተሸለሙ፤ እስከ ሻለቃነት ደረሱ። ኔፕልስ ላይ ዋንዳ የምትባል ጣሊያናዊት ተዋውቀው በ1945 አገቡ። ጦርነቱ ሲያበቃ ኮርፐስ ክሪስቲ በምትባል የቴክሳስ የወደብ ከተማ ክሊኒክ ከፈቱ። ገንዘብ የሌለውን በሽተኛ አይመልሱም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1944 ባወጣው ሕግ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር የትምህርት ክፍያ፣ የቤት መግዣ ብድር ዋስትናና ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ድጎማ ይሰጠው ነበር። ይህ ሕግ ከሰማይ የወረደ ችሮታ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ1932 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ቃል የተገባላቸውን ገንዘብ ለመጠየቅ ዋሽንግተን ላይ ሰፍረው በአስለቃሽ ጋዝና በታንክ ተባረዋል። የ1944ቱን ሕግ ያረቀቀውና በምክር ቤቱ እንዲያልፍ የወተወተው አሜሪካን ሊጂን የተባለው ትልቅ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ነው። ማኅበር ባይኖር ኖሮ ሕጉም ላይኖር ይችል ነበር።

ዶክተር ጋርሲያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ጋር ተዋውለው የቀድሞ ወታደሮችን ያክሙ ስለነበር ችግሩን በየቀኑ ያዩታል። አብዛኞቹ ታካሚዎቻቸው የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ናቸው። የአንዱ የጉዳት ካሳ ቼክ ዘግይቷል። ሌላው ታሞ ሆስፒታል አልጋ ተከልክሏል። ሌላው በእርሻ ሥራ ያደገ ስለሆነ ቅጹን በእንግሊዝኛ መሙላት አይችልም፤ ያልተሞላ ቅጽ ደግሞ አይታይለትም። ወጣቶችን ለጦርነት በሚመለምሉት ቦርዶች ውስጥ እንኳ ከእነርሱ ወገን የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። በብዙ ከተሞች የነበሩት የወታደር ማኅበራትም እነዚህን ሰዎች በእኩልነት አያስተናግዷቸውም። ስለዚህ ሕጉ በወረቀት ላይ አለ፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ሰውየው ብቻውን ነው። ነገ ተመለስ ይባላል። ነገም እንዲሁ።

መጋቢት 26 ቀን 1948 ዶክተሩ በከተማው ላማር የሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ስብሰባ ጠሩ። ሰባት መቶ ያህል ሰው መጣ። ያን ምሽት አሜሪካን ጂ አይ ፎረም የተባለው ማኅበር ተቋቋመ፤ ዶክተሩም ሊቀመንበር ሆኑ። ጂ አይ ማለት በአሜሪካኖች አነጋገር ተራ ወታደር ነው። በስሙ ውስጥ ሜክሲኮ የሚል ቃል እንደሌለ ልብ በሉ። እንደ እንግዳ ተለምነው የሚሰጡ ሳይሆኑ አገሪቱ ለወታደሮቿ የገባችውን ቃል የሚጠይቁ መሆናቸውን ለማሳየት ሆን ተብሎ የተመረጠ ስም ነው። እኔ በበኩሌ ከሠሩት ሁሉ ይህን አመራረጥ በጣም አደንቃለሁ።

የማኅበሩ የዕለት ሥራ ጎላ ብሎ የሚታይ አልነበረም። ቅጽ መሙላት፣ አቤቱታ መጻፍ፣ መልስ ሲዘገይ እንደገና መጻፍ፣ ጉዳዩን ወደ ዋሽንግተን መላክ። አንድ ሰው ብቻውን ሲጮህ የግል ብሶት ይባላል። ሃያ ሰው ተመሳሳይ አቤቱታ ይዞ በአንድ ደብዳቤ ሲመጣ ግን መሥሪያ ቤቱ መልስ የሚሰጥበት ጉዳይ ይሆናል። ሚስቶችና እህቶችም የራሳቸው ክንፍ ነበራቸው። ገንዘብ ያሰባሰቡት፣ ሰው እየዞሩ የቀሰቀሱት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። በቴክሳስ ለመምረጥ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ግብር ይከፈል ስለነበር ማኅበሩ ሰዎች ይህን ከፍለው እንዲመዘገቡ ቤት ለቤት ዘመቻ ያካሂድ ነበር።

ማኅበሩ ዓመት ሳይሞላው ፈተና መጣበት። ፊሊክስ ሎንጎሪያ የተባለ ተራ ወታደር በሰኔ 1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በፊሊፒንስ ሉዞን ደሴት ለቅኝት ወጥቶ ተገድሏል። አስከሬኑ ተለይቶ ወደ አገሩ ሊመለስ የበቃው ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ባለቤቱ ቢያትሪስ በትውልድ ከተማው በስሪ ሪቨርስ ልትቀብረው ፈለገች። የከተማዋ መቃብር ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ የሜክሲኮዎቹ ወገን በእሾሃማ ሽቦ ተለይቷል። የቀብር አገልግሎት የሚሰጠው ቤት ባለቤት መቅበሩን አልከለከለም። የጸሎት አዳራሹን ግን ነጮቹ ስለማይወዱት መስጠት አልችልም፣ ለቅሶውን በቤታችሁ አድርጉ አላት።

ቢያትሪስ ብቻዋን ብትሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እህቷ ግን በማኅበሩ ድጋፍ የሚንቀሳቀስ የልጃገረዶች ክበብ ውስጥ ስለነበረች ለማን እንደሚነገር ታውቃለች። ለዶክተር ጋርሲያ ነገሯቸው። ዶክተሩ ራሳቸው ስልክ ደወሉ፤ የተሰጣቸው መልስ ያው ነበር። ወዲያው ቴሌግራሞችን ለባለሥልጣናት፣ ለምክር ቤት አባላትና ለጋዜጦች በተኑ። ጥር 11 ቀን 1949 በዚያው በላማር ትምህርት ቤት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተሰበሰበ። ስብሰባው ላይ ሳሉ ሊንደን ጆንሰን ከተባሉ ወደ ምክር ቤት ከገቡ ገና ቀናት ከሆናቸው የቴክሳስ ሴናተር ቴሌግራም ደረሰ። ሴናተሩ የቀብር ቤቱን ማዘዝ እንደማይችሉ፣ ነገር ግን ወታደሩ በዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር በክብር እንዲቀበር ማድረግ እንደሚችሉ ገልጸው ነበር።

ቢያትሪስ ተቀበለች። ለቤተሰቡ ጉዞ ገንዘብ ተዋጣ። የካቲት 16 ቀን 1949 ፊሊክስ ሎንጎሪያ የአገሪቱ ታላላቅ የጦር ሰዎች በተቀበሩበት ስፍራ በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበረ። ሴናተር ጆንሰን ከባለቤታቸው ጋር ተገኙ፤ የፕሬዚዳንቱና የሜክሲኮ ኤምባሲ ተወካዮችም ነበሩ።

ነገሩ ያለ ቁጣ አልቀረም። የቴክሳስ ምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ከኮሚቴው የሚበዙት አባላት አድልዎ አልተፈጸመም የሚል ሪፖርት አዘጋጁ፤ ሌሎቹ ግን ስላልተስማሙ ሪፖርቱ ሳይጸድቅ ተንከባሎ ቀረ። ዶክተሩ ለዚህም ተዘጋጅተው ነበር። ማን መቼ ምን እንዳለ የሚመሰክር ሰውና ወረቀት በእጃቸው ነበራቸው። አቤቱታን በቃል ብቻ ሳይሆን በማስረጃ የመያዝ ልማድ ያለው ድርጅት ባይኖር ባልቴቲቱ ዋሽታለች ተብሎ ይዘጋ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ከቴክሳስ አልፎ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። ከወታደር ጉዳይም ወጣ። የሜክሲኮ ዘር ያላቸውን ልጆች ለይቶ ማስተማርን በመቃወም በ1948 የተካሄደውን ክስ ደግፏል። በ1954 ደግሞ እነዚህ ሰዎች ከፍርድ ቤት ዳኝነት ሸንጎ መገለላቸው ሕገ ወጥ መሆኑን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወሰነበት ጉዳይ ከተከራካሪዎቹ ጀርባ ከቆሙት ማኅበራት አንዱ ይኸው ነው።

ጆንሰን ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በ1967 ዶክተር ጋርሲያን በአምባሳደርነት ማዕረግ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ ልዑክ አባል አደረጓቸው። እዚያም በስፓኒሽ ቋንቋ ንግግር አደረጉ። በ1984 ፕሬዚዳንት ሬጋን የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ ሰጧቸው። በእነዚህ ሹመቶችና ሽልማቶች መካከል ግን ክሊኒካቸውን አልተዉም።

ዶክተር ሄክተር ጋርሲያ ሐምሌ 26 ቀን 1996 በ82 ዓመታቸው አርፈው በኮርፐስ ክሪስቲ ተቀበሩ። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ያከማቿቸው ወረቀቶች የተቀመጡትም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ቴሌግራሞቹ፣ የስብሰባ ጥሪዎቹ፣ የወታደሮችና የባልቴቶች ጉዳይ የሰፈረባቸው ደብዳቤዎች።