ምድርን በኤሌክትሪክ የመረመረው ኮንራድ ሽሉምበርዤ

ሰቆጣ ስመ ጥር የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ሜዳ የተፈለጠው አሞሌ ደጋውን ወጥቶ እዚያ ይራገፍ ነበር። አሞሌ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ስለ ነበረ፣ የዋግ ሰው ጨውን የሚያውቀው በክብር ነው። በባሕር ጠረፍ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ጨው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1868 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ዙላ ሲወርድ፣ በጠረፉ ለሠራዊቱ የሚበቃ የሚጠጣ ውሃ ስላልተገኘ፣ መርከቦቹ የባሕሩን ውሃ እያፈሉ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ያቀርቡለት ነበር። ወደ መቅደላ ሲያልፍ መንገዱን ያልከለከሉት ዋግ ሹም ጎበዜም በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

ከመሬት በታች ያለው ውሃ የት ላይ ጨዋማ እንደሚሆን ሳይቆፍሩ ማወቂያ መንገድ ያን ጊዜ አልነበረም። መንገዱን የጠረገው ኮንራድ ሽሉምበርዤ የተወለደው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ ያን ጊዜ በጀርመን ሥር በነበረችው በአልዛስ ነው። ወገኖቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ። እሱ ግን ፓሪስ ገብቶ በፖሊቴክኒክና በማዕድን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከ1907 ጀምሮም በዚያው በማዕድን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ሆነ።

ሙከራውን የጀመረው በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ አሸዋ በተሞላ የመዳብ ገንዳ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በሁለት ካስማዎች የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ መሬት ይሰደዳል፣ በሌሎች ሁለት ካስማዎች መካከል ደግሞ ቮልቴጁ ይለካል። የውጪዎቹ ካስማዎች በተራራቁ መጠን ጅረቱ ጠልቆ ይሄዳል። በ1912 ኖርማንዲ በሚገኘው በቤተ ሰቡ ርስት ላይ ሽቦውን ዘርግቶ ለካ፤ በማግሥቱ ዓመት ሰርቢያ ውስጥ ቦር በተባለ ስፍራ የመዳብ ማዕድን አገኘ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሥራው ቆመ።

በ1919 አባቱ ጳውል ለኮንራድና ለወንድሙ ለማርሴል 500,000 ፍራንክ ለመስጠት ተዋዋሉ፤ በውሉም የሳይንሱ ጥቅም ከገንዘቡ ጥቅም እንዲቀድም አስገደዱ። ልጁ ቶሎ እንዲያተርፍ የማይጎተጉት አባት ብርቅ ስለ ሆነ ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም። ይሁን እንጂ ድርጅቱን ያበለጸገው ነዳጅ ዘይት ነው። በ1927 የኮንራድ አማች ሄንሪ ዶል ፔሸልብሮን ላይ መሣሪያውን በነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ የዓለቱን ጠባይ ሜትር በሜትር መዘገበ። ኮንራድ ከሶቪየት ኅብረት ሲመለስ በ1936 ስቶክሆልም ላይ ሞተ። ውሃ ፈላጊዎች ግን የካስማዎቹን አደራደር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል።

ለጠረፍ ውሃ የሚጠቅመውም ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ነው። የባሕር ውሃ መቋቋሚያ 0.2 ኦም ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚጠጣ ውሃ ያዘለ አሸዋ ግን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 100 ይደርሳል። የሆላንዱ ባዶን ጊበንና የጀርመኑ ሄርዝበርግ ቀደም ብለው እንዳሳዩት፣ ጨው የሌለበት ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስለዚህ በፓምፕ ብዛት የላይኛው ውሃ በ1 ሜትር ዝቅ ቢል፣ ጨዋማው ከታች ውሎ አድሮ 40 ሜትር ሊወጣ ይችላል።

ዋግ ባሕር የላትም፤ ዘዴው ግን ያው ነው። በደጋው ጥቁር ድንጋይ ላይ ካስማ ሲተከል፣ ድፍኑ ደረቅ ዓለት ከፍተኛ ቁጥር፣ ተሰነጣጥቆ ውሃ የያዘው ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል። በግምት ተቆፍሮ ደረቅ የወጣ ጉድጓድ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ውሃ ቀጂዎቹም ወደ ሩቁ ምንጭ መመላለሳቸውን ይቀጥላሉ። ነገር ግን ጭቃማ ሸክላ አፈርም እንደ ጨዋማ ውሃ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣልና መሣሪያው ብቻውን ያሳስታል። ስለዚህ ጠንቃቃ መሐንዲስ ቁጥሩን ከመዘገበ በኋላ በአቅራቢያው ወዳለው ጉድጓድ ሄዶ ውሃ ይቀዳና ጨውነቱን ይለካል።