ሰር ዊልያም ላየንስና የጃጓር ሞተር

በእድራችን ሾፌርም መካኒክም ስለማይጠፋ፣ ዘንድሮ የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ የጃጓር መኪና ፋብሪካ መሥራች የነበሩት የእንግሊዛዊው የሰር ዊልያም ላየንስ ነው። ሰውዬው መሐንዲስ አልነበሩም። ይሁንና በዘመናቸው ፋብሪካቸው ከሠራው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ሞተር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላየንስ በ1901 ብላክፑል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላቸው፣ በ1922፣ ከጎረቤታቸው ከዊልያም ዎምስሊ ጋር በሽርክና በሞተር ብስክሌት ጎን የሚገጠም የሰው መቀመጫ መሥራት ጀመሩ። መነሻቸው ከባንክ የተፈቀደላቸው 1,000 ፓውንድ ነበር። ቀጥሎ ለሌላ ፋብሪካ መኪና የሚያምር አካል እየሠሩ መሸጥ ያዙ፤ በ1928 ወደ ኮቨንትሪ ከተማ ተዛወሩ፤ በ1935 ጃጓር የሚለውን ስም ለመኪናቸው አወጡ። ላሜራ እንዴት ቢታጠፍ ዓይን እንደሚስብ ማወቅ ላይ እሳቸውን የሚያህል ጥቂት ነው። ችግሩ ኮፈኑ ሲከፈት ነው። ከሥር ያለው ሞተር መሠረቱ ከስታንዳርድ ፋብሪካ የሚገዛ ነበር። የሰው ልብ ተውሶ የሚኖር ፋብሪካ ሻጩ እምቢ ያለው ቀን ምን ይውጠዋል?

በዚህ መሀል ጦርነቱ መጣ። በ1940 ጀርመን ኮቨንትሪን ከአየር ደብድባ አቃጠለቻት። ፋብሪካው ላይ ቦምብ ቢወድቅ እሳቱን ቶሎ ለማጥፋት ሠራተኞች በየተራ ሌሊት ይጠብቁ ነበር። ላየንስ ዋና መሐንዲሱን ዊልያም ሄይንስን፣ ዎልተር ሃሳንንና ክሎድ ቤይሊን ከራሳቸው ጋር በአንድ ተራ አደረጓቸውና ከጦርነቱ በኋላ ስለሚሠሩት የራሳቸው ሞተር ይነጋገሩ ጀመር። ቦምብ እየጠበቁ ስለ ሰላም ጊዜ መኪና ማሰብ፣ እኛን ይገርመናል።

የላየንስ ትእዛዝ ቀላል አልነበረም። ሞተሩ ጉልበተኛ ይሁን፣ አይጩህ፣ ደግሞ ኮፈኑ ሲከፈት ይመር። መሐንዲሶቹ ሁለት ካምሻፍት ቴስታታው ላይ አስቀምጠው ቫልቮቹን ከላይ የሚገፉበትን አሠራር መረጡ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ሞተር ውድ ነው፣ ጥገናውም ያስቸግራል ተብሎ ለእሽቅድምድም እንጂ ለቤት መኪና አይታሰብም። እርግጥ ቀለል ያለ፣ ቫልቮቹን በዘንግ የሚገፋ አራት ሲሊንደርም ሞክረው ነበር፤ ጫጫታው ስለበዛ ተዉት። ስድስት ሲሊንደሩ ደግሞ በመጀመሪያ በዝግታ ሲነዳ ጉልበት አነሰው። ስለዚህ ፒስተኑ የሚወጣና የሚወርድበትን ርቀት ከ98 ወደ 106 ሚሊ ሜትር አስረዘሙት። ማርሽ ሳይቀንስ ዳገት ለመውጣት የሞከረ ሾፌር የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። በመጨረሻ 3,442 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ 160 የፈረስ ጉልበት ሆኖ ወጣ።

በ1948 ለንደን በተደረገው የመኪና ኤግዚቢሽን ሞተሩ ኤክስ ኬ 120 በተባለች ባለሁለት ወንበር መኪና ተገጥሞ ቀረበ። መኪናዋ ሞተሩን ለማስተዋወቅ በጥድፊያ የተሠራች ነበረች፤ ገዢ ግን ተረባረበባት። በሰዓት 120 ማይል ትሄዳለች መባሉ ስላጠራጠረ በ1949 ቤልጅግ አገር፣ ጋዜጠኞች እያዩ፣ ከ132 ማይል በላይ ሄደች። ይህ 213 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ በፈረንሳይ የለማን የሃያ አራት ሰዓት ውድድር አምስት ጊዜ አሸነፈ። ከአምስቱ የ1955ቱ ድል የሐዘን ነበር። የላየንስ አንድ ወንድ ልጃቸው ጆን ወደ ውድድሩ ሲጓዝ በመኪና አደጋ ሞተ፤ በውድድሩም ላይ አንድ መርሴዲስ ተመልካች መሀል ገብታ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ላየንስ ልጃቸውን ቀብረው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት ሰር የሚለውን ማዕረግ አገኙ፤ ፋብሪካውን ግን የሚረከብ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። በ1966 ከሌላ ትልቅ ኩባንያ ጋር ቀላቀሉት፣ በ1972 ጡረታ ወጡ፣ በ1985 በ83 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሞተሩ ከሳቸው በኋላ እስከ 1992 ድረስ ተሠርቷል። የመጨረሻዎቹ የተገጠሙት የዴምለር ሊሙዚን ላይ ሲሆን፣ ይህ እንግሊዞች ለሠርግም ለቀብርም የሚከራዩት መኪና ነበር፤ በዚያው ቻሲስ ላይ የአስከሬን መኪናም ይሠሩበት ነበር።