የጦቢያ ደራሲ፦ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ



ልብ ወለድ የሚለውን ቃል በአማርኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቃሉ በሥነ ጽሑፋችን የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ከተማ በታተመች አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ ርእስ ነው። የመጽሐፏ ስም ልብ ወለድ ታሪክ ሲሆን ኋላ ግን በዋና ባለታሪኳ ስም ጦቢያ ተብላ ታወቀች። በአማርኛ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ መጽሐፍ እርሷ ናት። በዚህ ዕትም የደራሲዋን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወለዱ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድና ስለነበራቸው በወጣትነታቸው ወደ ምኒልክ ግቢ ገቡ። የሥዕል ተሰጥኦ ስለታየባቸውም በ1887 ወደ ጣሊያን ተልከው በቱሪን ከተማ ሥነ ጥበብ ተማሩ። ተመልሰው በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሩ። ይሁን እንጂ ከእቴጌይቱ ጋር አልተስማሙም፤ በ1894 ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ሄዱ። የአድዋ ጦርነት በተነሣ ጊዜም ወደ ጣሊያን ወገን አደሉ። ከ1902 ጀምሮ በኔፕልስ ከተማ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሩ። ጦቢያን የጻፉት በዚህ ጊዜ፣ ከአገራቸው ርቀው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር መሪ በመጽሐፉ አነጋገር አረመኔ ከሚባሉት ጋር ሲዋጋ ይማረክና ባሪያ ይሆናል። ዋሕድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉት። አንድ ቸር ነጋዴ ለማያውቀው ሰው ቤዛ የሚሆን ገንዘብ ሰጥቶ መንገዱን ይሄዳል፤ አባትም ነጻ ይወጣል። ዋሕድ ግን ውለታው እንዳይቀርበት ነጋዴውን ሊፈልግ ይወጣና እርሱም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። በመንገድ ጦርነት ይደርስባቸውና በአረመኔው ንጉሥ እጅ ይገባሉ፤ ንጉሡ ግን በመልካም ይይዛቸዋል። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣትም ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች። በመጨረሻ ዋሕድ ይገኛል፤ ምስጢሩም ይገለጣል። ወጣቷ ዋሕድን ታገባለች፤ ንጉሡም ክርስቲያን ሆኖ ጦቢያን ያገባል። እንግሊዛዊው ሼክስፒርም ከ400 ዓመታት በፊት መንታ እኅት እንደ ወንድ ለብሳ በሌላ ሴት የምትወደድበትን ተውኔት ጽፏል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥልጣን የሚገለባበጥ ነገር ነው። ትናንት ሠራዊት ያዘዘው ሰው ዛሬ ይሸጣል፤ ማዕርግ የሌለው ነጋዴ ያድነዋል። ቤት ትጠብቃለች የተባለችው ልጅ ዱር ገደሉን ታቋርጣለች። ደራሲው ይህን ሲጽፉ የባሪያ ንግድ በአገራችን በእርግጥ የነበረ ነገር ነው፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ቢሆንም መጽሐፏ ጉድለት አላት። ጦቢያ በነጻነት የምትጓዘው ሴትነቷን እስከደበቀች ድረስ ብቻ ነው። ምስጢሯ ሲገለጥ የሚቆያት ጋብቻ ነው። የምናዝንላቸው ባሮችም የመኳንንት ልጆች ናቸው፤ አብረዋቸው ስለተሸጡት ሌሎች ብዙ አይነገረንም።

ደራሲው ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነጋድራስ ተባሉ፤ በድሬዳዋም በሹመት አገለገሉ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሮም የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆኑ። ፋሺስት ጣሊያን በ1935 አገራችንን ሲወርና በ1936 አዲስ አበባን ሲይዝ ግን ከወራሪው ጋር ሠሩ፤ አፈ ቄሣር የሚል ማዕርግም ተሰጣቸው። ነጻነት በ1941 ሲመለስ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ። በዚያም ዓይናቸው ጠፍቶ በ1947 አረፉ።

እነሆ፣ በመጽሐፋቸው ደካማውን ያለ ዋጋ የሚረዳ ወዳጅ ያመሰገኑ ሰው በሕይወታቸው ኃይለኛውን ተጠጉ። በአርበኝነት ዘመን ከተሠዉት ወገኖች አንጻር ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም። ጥፋታቸውን ለመጽሐፋቸው ብለን አንሸፍንም፤ መጽሐፋቸውንም ለጥፋታቸው ብለን አንጥልም። አማርኛ በልብ ወለድ መጽሐፍ መናገር የጀመረው በእርሳቸው ብዕር ነውና።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ጦቢያ ሩቅ ተረት አይደለችም። በ2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በካርቱም ሁለትና በሌሎች ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዳግመኛ ተበትነዋል፤ አንዱ ሌላውን ሲፈልግ ከርሟል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውኃ የምትቀዳው፣ ታናናሾቿን የምትጠብቀው፣ ለእናቷ ዐረብኛ የምታስተረጉመው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ኃላፊነቱን ስትሸከም እንደ ትልቅ ሰው እናያታለን፤ ደብተር ስትይዝ ግን ሥራ ይቅደም እንላታለን። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ለመምጣት የወንድ ልብስ መልበስ አያስፈልጋት።

ተማሪዎችም በክፍል በዚህ ጥያቄ ላይ ተወያዩ፦ ጦቢያ ማንነቷን ሳትደብቅ ብትወጣ ኖሮ በመንገድ ላይ ማን ይረዳት፣ ማንስ ያግዳት ነበር? ዛሬስ?